መብራቱ ጠፋ ማለት ጎማው ተስተካከለ ማለት ነውን?

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖ የያዘ ቢጫ መብራት ሲበራ የጎማ ንፋስ መጉደሉን ያመለክታል። አንዳንድ አሽከርካሪዎች የ«ሪሴት» ቁልፉን ተጭነው መብራቱን ያጠፉና ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ድርጊት ትርጉም ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን።

የጎማ ግፊት መከታተያ ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየጎማው ውስጥ በተተከለ መሣሪያ ግፊቱን በቀጥታ ይለካል። ሁለተኛው ግን ግፊትን አይለካም፤ ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው የፍሬን ሥርዓት ከሚጠቀምባቸው የፍጥነት መለኪያዎች በመነሣት ይገምታል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ሬዲየሱ ስለሚያንስ፣ ያንኑ ርቀት ለመጓዝ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዞራል። በዚህ ዓይነቱ መኪና ቁልፉን ስንጫን፣ ኮምፒዩተሩ ያን ጊዜ ያለውን የጎማዎች ሁኔታ እንደ ትክክለኛ መነሻ ይመዘግባል።

ስሕተቱ የት ላይ እንደሚፈጠር በስሌት እንይ። አምራቹ 220 ኪሎፓስካል (32 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል) የወሰነላቸውን ጎማዎች ከጉዞ በኋላ፣ የውስጥ አየራቸው 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ፣ በ220 ሞልተን ቁልፉን ተጫንን እንበል። ይዘቱ ካልተለወጠ፣ የጋዝ ፍጹም ግፊት ለፍጹም ሙቀቱ ርቱዕ ወደረኛ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 76 ያህል እንጨምርበታለን፤ ድምሩ 296 ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ፣ 296 × 288 ÷ 318 = 268 ይሆናል። ከዚህ 76 ሲቀነስ 192 ይቀራል። ምንም ንፋስ ሳይወጣ ጎማዎቹ ከተወሰነላቸው 13 በመቶ ጎድለዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ጉድለቱን እንደ ሙሉ ቆጥሮታል።

የአሜሪካ ደንብ መብራቱ ግፊቱ ከተወሰነው 25 በመቶ ሲጎድል እንዲበራ ያዛል። ከ220 ተነሥተን ብናሰላ ይህ 165 ነው፤ ከ192 ግን 144 ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ዘገየ ማለት ነው። በዚህ መካከል ንፋሱ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ አብዝቶ ስለሚተጣጠፍ ይግላል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ሊፈነዳም ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት አራቱንም ጎማዎች እንለካለን። የተበሳውን እናስጠግናለን፤ የጎደለውን እንሞላለን። ቁልፉን የምንጫነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቁልፉ መነሻውን ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል እንጂ ለጎማው ንፋስ አይጨምርለትም።