ብዙ መንገድ የሄደ ፈጣን መኪና ስለ መግዛት

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን አስፈትቶ ፍሬውን በመዳፉ ላይ አድርጎ ያያል፤ ያሸታል፤ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ያስዘግናል። ጨርቅ የሚገዛውም ጣቃውን እስከ መጨረሻው ያስዘረጋል። የቀድሞ ሰዎች በቅሎ በሚገዙበት ጊዜ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያዩ፣ ጀርባዋ ገጣባ እንዳይሆን ይዳብሱ፣ ዳገት አስወጥተው ትንፋሿን ያዳምጡ ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን መኪና በሚገዛበት ቀን፣ ይልቁንም መኪናው ፈጣንና መልከ መልካም የሆነ እንደ ሆነ፣ ከብዙ ሰው ልብ ሲሰወር ይታያል። ልብ ከወደደ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ደግሞ ምርመራ አይባልም።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለምሳሌ ይወሰድ። ይህ ሰው ለመስከረም ገበያ ዕቃ ማስገቢያ ያስቀመጠው ገንዘብ አለው። ደላላ መጥቶ 160,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ከፋብሪካው ሲወጣ ለፍጥነትና ለጉልበት ተብሎ የተሠራ መኪና ያሳየዋል። የተጠየቀው ዋጋ 2,000,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ለስሌት ብቻ የተወሰደ እንጂ የገበያን ዋጋ የሚያመለክት አይደለም። ደላላውም «ጋሼ፣ ሞተሩ ያልተነካ ነው፤ ዛሬ ካልወሰዱት ነገ የለም» ይለዋል። ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

የገበያው ሁኔታ

ይህ ጥያቄ በአገራችን ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህም ምክንያት ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸውን ቀጠሉ፤ ዕድሜያቸውም ኪሎ ሜትራቸውም በየዓመቱ ይጨምራል። በሌላ አገር ከጥቅም ውጭ ናቸው ተብለው የሚጣሉ መኪናዎች በእኛ ገበያ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠየቅባቸው ይታያል። ስለዚህ ገዢው «ብዙ ያልሄደ ካልሆነ አልገዛም» ቢል ምርጫው እጅግ ይጠብበታል፤ የሚጠቅመው ብዙ ከሄዱት መካከል ደኅናውን ከታመመው ለይቶ ማወቅ ነው።

መኪናው ይረክሳል፤ መለዋወጫው አይረክስም

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው መሠረታዊ ነገር ይህ ነው። ፈጣን መኪና በአዲስነቱ ውድ ነበር፤ ባረጀ ጊዜ ዋጋው ወርዶ ከተራው መኪና ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ አይወርድም። የፍሬን ዲስኩ ትልቅ ነው፤ ጎማው ሰፊ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ብዙ ጉልበት እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ሁሉም የሚከፈልባቸው እንደ ውድ መኪና ዕቃ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው በተራ መኪና ዋጋ ይሁን እንጂ የሚያኖረው በውድ መኪና ወጪ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው መኪናውን መግዛት ቢችልም ማኖር ያቅተዋል።

«ያልተነካ» የሚለው ቃል

በገበያችን «ሞተሩ ያልተነካ» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። ለተራ መኪና ነገሩ ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል። ለፈጣን መኪና ግን ይህ ቃል የሚያስጠረጥርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን በዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ ይጠቀሳል።

የጀርመኑ የቢ ኤም ደብልዩ ፋብሪካ ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ኢ 46 በሚል መለያ የሚታወቀው ኤም 3 መኪና፣ 6 ሲሊንደርና 3,246 ሲሲ ያለው ሞተር ነበረው። ይህ ሞተር ለአውሮፓ ገበያ በተሠራው ላይ 343 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ በደቂቃም እስከ 8,000 ዙር ድረስ ይሽከረከራል። እንደዚህ ያለ ሞተር ትርፉን የሚያገኘው ከከፍተኛ ዙር ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ከተራ ሞተር ክፍሎች ይልቅ ይደክማሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ቢዬላውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ኩሽኔታዎች ያለ ጊዜያቸው እየተበሉ ስላስቸገሩ፣ ፋብሪካው በአሜሪካ ገበያ ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል የሆኑትን ጠርቶ ኩሽኔታዎቹን ለወጠ። የቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው መለካትና መስተካከል አለበት። የቫልቮቹን የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ የሚለዋውጠው፣ ቫኖስ የተባለው መሣሪያም በአገልግሎት ብዛት ይበላሻል። የኋላውን እግር የሚሸከመው የወለል ቆርቆሮ ደግሞ እየተሰነጠቀ መጠገንና መጠናከር ያሻዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ከእነዚህ መኪናዎች አንዱ 200,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ኩሽኔታው የተለወጠ፣ ቫልቩ በጊዜው የተስተካከለ፣ ወለሉ የተጠናከረ ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ 100,000 ብቻ ሄዶ ምንም ያልተደረገለት ቢሆን፣ ብዙ የሄደው ይመረጣል። ሁለተኛው በእርግጥ «ያልተነካ» ነው፤ ያልተነካው ግን መነካት ሲገባው ነው። በሌላ አነጋገር ኪሎ ሜትር ዕዳ አይደለም፤ ዕዳው በጊዜው ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው። ይህም ዕዳ መኪናው በተሸጠ ጊዜ ከሻጭ ወደ ገዢ ይተላለፋል።

ስለዚህ ነጋዴው ለደላላው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሄዷል?» የሚል ሳይሆን «ምን ምን ተሠርቶለታል? ደረሰኙስ የት አለ?» የሚል መሆን አለበት። በቃል የሚነገር ጥገና በሒሳብ መዝገብ ላይ እንዳልገባ ክፍያ ይቆጠራል።

ኪሎ ሜትሩ እውነት መሆኑን ስለ ማወቅ

የኪሎ ሜትር ቁጥር ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሰው እጅና እግር የነካው ሁሉ ይመሰክራል። ቁጥሩ 60,000 ብቻ እያለ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ የመሪው ቆዳ ከለሰለሰና ካብለጨለጨ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተቀደደ፣ ቁጥሩ ሐሰት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከዚህም በላይ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ኪሎ ሜትሩ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ይመዘገባል። ከዚህ በላይ በተጠቀሰው መኪና ላይ ለምሳሌ የመብራት መቆጣጠሪያው ክፍል ቁጥሩን ለብቻው ይይዛል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ በመቁጠሪያው አጠገብ አንዲት ነጥብ ትበራለች። ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚመረምር ባለሙያ ማስነበብ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከፍታና ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ 343 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር በአዲስ አበባ ወደ 270 ገደማ ይወርዳል። ተርቦ ያለው ሞተር ብዙውን ይመልሳል፤ ነገር ግን ተርቦው ራሱ የበለጠ ይደክማል፤ እርሱም ያረጀ እንደ ሆነ ወጪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍልበት ጉልበት በሚኖርበት ከተማ ምን ያህሉ እንደሚገኝ ያስብ።

ውሃም በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑና ቱቦዎቹ ግፊቱን አምቀው ስለሚይዙት ነው። በዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጋን ወይም የላላ ክዳን ግፊቱን ሲለቀው ውሃው ይፈላል፤ ሞተሩም ይጋላል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ ሞተር ደግሞ ከዚያ በኋላ የቀድሞ ጤንነቱን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ቤንዚኑንም መርሳት አይገባም። ፈጣን ሞተር ብዙውን ጊዜ ኦክታኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይፈልጋል። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን ከማደያው ከሚገኘው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

የምርመራው ተራ

ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢደረግ ይበጃል።

1ኛ፤ ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ ይታይ። ገዢው ሲደርስ ኮፈኑን በእጁ ይንካ፤ ሞቆ ከቆየው ሻጩ ጠዋት አሙቆት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ይመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው መንኳኳት ሲሞቅ ሊሰወር ይችላል።

2ኛ፤ ጭሱ ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እንደሚገባ፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን እንደሚበዛበት ያመለክታል።

3ኛ፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የእመቃ ኃይል በመሣሪያ ይለካ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የሁሉም መቀራረብ ይመረመር።

4ኛ፤ መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ ከሥሩ ይታይ። የዘይት መንጠባጠብ፣ የተበየደ ብረት፣ የተጣመመ ሻንሲ ግጭትን ይናገራሉ።

5ኛ፤ ጎማዎቹ ይታዩ። አራቱም ልዩ ልዩ ዓይነትና ርካሽ ከሆኑ፣ ባለቤቱ በዓይን በሚታየው ላይ ከቆጠበ በማይታየው ላይ ምን ያህል እንደቆጠበ መገመት አያስቸግርም።

6ኛ፤ ዳገት ይነዳ። ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሲወጣ የሞተሩ ሙቀትና የፍሪሲዮኑ መንሸራተት፣ ሲወርድ ፍሬኑ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው መካኒክ በገዢው የተመረጠና በገዢው የሚከፈለው ይሁን። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መካኒክ የሁለት ጌታ አገልጋይ ነው።

ሰነዱ

ሞተሩ ደኅና ሆኖ ወረቀቱ የታመመ መኪናም አለ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። መኪናው ለባንክ በመያዣነት የተሰጠ ወይም እገዳ ያለበት እንዳይሆን ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለማይችል የቀረጡ ደረሰኝ ይታይ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሆኖም ገዢው ዕቃውን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሻጩ በቃል ያረጋገጠው ሁሉ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ጨርቁ ነጋዴ እንመለስ። መካኒኩ መርምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መሠራት ያለበት ሥራ 500,000 ብር እንደሚፈጅ ነገረው ይባል። ላልታሰበ ብልሽት 200,000 ብር ቢያስቀምጥ ጠቅላላው 2,700,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከሱቁ የሚወጣ ነው። ነጋዴው ዕቃውን በዓመት 4 ጊዜ እያዞረ በእያንዳንዱ 8 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ከገንዘቡ በዓመት 32 በመቶ፣ ይኸውም 864,000 ብር ትርፍ ያጣል። «መኪና በአገራችን ዋጋው አይወድቅም» የሚል ይኖር ይሆናል። ዋጋው ባይወድቅም እንኳ የተበላው ጎማና ፍሬን፣ ያለፈውም የመስከረም ገበያ ተመልሰው አይመጡም። እንዲህ ያለው ግዢ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ነው።

ፍርዱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙ የሄደ ፈጣን መኪና ጨርሶ አይገዛ ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮች ከተሟሉ ይገዛ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከሱቁ ሥራ ውጭ የሆነ፣ የጥገናው ታሪክ በደረሰኝ የተረጋገጠ፣ ያን ሞተር የሚያውቅ መካኒክና መለዋወጫውን የሚያስመጣ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ሥራው በሙሉ የተሠራለት ከሆነ የተጠየቀው 2,000,000 ብር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ያልተሠራለት ከሆነ ደግሞ ገዢው የሚያቀርበው ዋጋ 1,500,000 ብር ነው፤ የቀረው 500,000 ሻጩ ሳይከፍለው የቆየው ዕዳ ነውና።

በምሳሌአችን ያለው ነጋዴ ከሦስቱ አንዱም አልተሟላለትም። ሻጩም ዋጋውን አልቀንስም ካለ፣ የሚበጀው ደላላውን አመስግኖ ማሰናበት ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢወስደው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ይወስደዋል። ነጋዴው ግን ለመስከረም ያስቀመጠው ገንዘብ በእጁ ነው።