ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል፦ ስለ ሶፍትዌር መስፈርት ለጋዜጠኛ

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ስድስት ጥያቄዎችን ስንሸመድድ ነው የኖርነው። ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ጥያቄዎቹ ለዜና ብቻ የተፈጠሩ ይመስሉን ይሆናል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ሳይንስ ከሚማር የዶርም ጓደኛዬ ጋር ስንጨዋወት እነሱም ጋ የሥራው መነሻ መጠየቅ እንደሆነ ተረዳሁ። እነሱ “ሪኳየርመንት” ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ “መስፈርት” እለዋለሁ።

ለመሆኑ መስፈርት ምንድን ነው? አንድ ሥራ ሲያልቅ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበትና በምን ልክ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጻፍ ስምምነት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ሲስተሙ የሚሠራውን ይናገራል፤ ለምሳሌ “ተማሪው ውጤቱን ያያል”። ሁለተኛው ፍጥነቱን፣ ደህንነቱንና አስተማማኝነቱን ይወስናል። ዋናው ነገር መስፈርት የሚፈተን መሆን አለበት። “ሲስተሙ ፈጣን ይሁን” ማለት ምኞት ነው። “500 ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲገባ ውጤቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ ይታይ” ማለት ግን መስፈርት ነው። ለክቶ አሟልቷል ወይም አላሟላም ማለት ይቻላላ!

ታዲያ የሚጠየቀው ማን ነው? ሥራውን ያዘዘው ኃላፊ ብቻ አይደለም። ኃላፊው ደንቡን ያውቃል፤ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ተማሪ የምታስተናግደው ሠራተኛ ግን ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች። የሁለቱ መልስ ካልተገናኘ እዚያው መጣራት አለበት። እኛስ አንድ ምንጭ ብቻ ይዘን ዜና እንጽፋለን እንዴ?

መስፈርት ተጽፎ አያበቃም፤ ይመራል። እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደጠየቀውና እንዴት እንደሚፈተን ይመዘገባል። በመሀል “ይቺም ትጨመር” የሚል ሲመጣ ጥያቄው አይከለከልም፤ ግን ስንት ብርና ስንት ሳምንት እንደሚጨምር ተሰልቶ ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርምበታል።

ይህ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ፣ ታሪክ ያሳየናል። ቢሮው የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ “ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል” የተባለ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2001 ማሠራት ጀመረ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ እቅዱ ሰፋ። የመስፈርቱ ሰነድ ከ800 ገጽ በላይ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ የለውጥ ጥያቄ በመቶዎች ጎረፈ። በመጨረሻ በ2005 ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ ሥራው ተተወ። የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል መስፈርቱ በቅጡ አለመወሰኑ ይገኝበታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰነዱ ቀጭን ስለነበር አይደለም የወደቀው። የገጹን አቀማመጥ ሳይቀር ይዘረዝር ነበር። ብዙ መጻፍና ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ምትኩ “ሴንቲኔል” በ2006 ተጀመረ። እሱም ቢዘገይም በ2010 ቢሮው ሥራውን ራሱ ተረክቦ ትንሽ ትንሹን እየሠራና እያሳየ ሄደና በሐምሌ 2012 ሥራ ላይ ዋለ። መጠየቅ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

“እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። በጣም ያገባናል! ነገ ተመርቀን ስንወጣ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ሲያስመርቅ የምንላከው እኛ ነን። “ዘመናዊ አሠራር ተዘረጋ” ብለን ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ አንስተን ልንመለስ እንችላለን። የወጣው ገንዘብ ግን የሕዝብ ነው፤ ሲስተሙ ካልሠራ የሚጉላላውም ያው ሕዝብ ነው። ስለዚህ አራት ነገር እንጠይቅ፦ መጀመሪያ ምን እንዲሠራ ታስቦ ነበር? መስፈርቱን ሲያወጡ ማንን አነጋገሩ? በመሀል ምን ተለወጠ፣ ማንስ ፈቀደ? ተሟልቷል የተባለው በምን ተፈትኖ ነው?

ጥያቄዎቹ ደግሞ የምርቃቱን ቀን መጠበቅ የለባቸውም፤ ውሉ ሲፈረም ቢነሱ ገንዘቡ ሳይባክን ይደርሳሉ። አበው “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።