ለዘጠኝ የሚካፈል ስህተት

«እትዬ፣ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከአምስት ወር በፊት ለዕቃ አቅራቢ 18,500 ብር መክፈል ሲገባን 81,500 ብዬ የክፍያ ቫውቸር አዘጋጀሁ፤ ተፈርሞም ወጣ። ብሩ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሰው በተሰበሰበበት «አንቺን ማነው ሒሳብ ያስተማረሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቁጥር ደጋግሜ ሳይ እውላለሁ፤ ያም ሆኖ እሳሳታለሁ። ያንን ቫውቸር እስከ ዛሬ ከፍቼ አላየሁትም። አሁን ደግሞ ኃላፊዬ ለሲኒየር አካውንታንትነት ተወዳደሪ አለችኝ፤ አዝናልኝ ይመስለኛል። በራስ መተማመኔን እንዴት ልመልሰው?» ድ.፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ያደረግሁት መቀነስ ነው። ከ81,500 ላይ 18,500 ሲነሳ 63,000 ይቀራል። ለዘጠኝ ሲካፈል 7,000፣ ያለ ቀሪ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፦ ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ፣ የሒሳብ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው። አንዷና ስምንቷ ተቀያየሩ፤ አለቀ። የሌላ ሰው መዝገብ ቢሆን ቡናሽ ሳይቀዘቅዝ ትደርሺበት ነበር። የራስሽ ሲሆን ግን «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» የሚለውን ዘለሽ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ውስጥ ገባሽ። ለፊተኛው ቫውቸሩ መልስ አለው። ለኋለኛው የትኛው ሰነድ ይመልሳል?

ሥራ አስኪያጁ ነውር ሠርቷል፤ ሰው በሰው ፊት እንዲያ አይባልም። ግን አንቺም የንዴት ቃሉን ያለ ደረሰኝ መዘገብሽለት። ኃላፊሽ «ተወዳደሪ» ስትልሽ ደግሞ «አዝናልኝ ነው» ብለሽ ሰረዝሽው። ወጪውን ብቻ እየጻፈ ገቢውን የሚጥል ሠራተኛ ቢሰጡሽ ስንት ቀን ታቆዪዋለሽ?

መስታወት ፊት ቆመሽ «ጎበዝ ነኝ» በይ የሚሉሽ አይጠፉም። እኔ አልልሽም፤ ያም ደረሰኝ የሌለው ገቢ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ ሥራህን መዝን፣ ራስህን ግን ሚዛን ላይ አታውጣ ባይ ነበር። ራስን ከፍ አድርጎ መመዘንን እንኳ አይወደውም፤ በምስጋና የወጣ በነቀፋ ይወርዳላ። እሱ ራሱ በ19 ዓመቱ ሴት ማነጋገር የሚፈራ ዓይን አፋር ነበር። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ወዳለው የዕፅዋት ማዕከል እየተመላለሰ፣ በአንድ ወር ውስጥ መቶ ያህል ሴቶችን አናገረ። እሺ ያለችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም በቀጠሮዋ ቀረች! ፍርሃቱ ግን ለቀቀው፤ እምቢ መባል እንደማይገድል መቶ ጊዜ አይቶታልና።

አሁንም የምትሳሳቺው ሒሳብ ጠፍቶብሽ አይመስለኝም። ስትፈትሺ አንድ ዓይንሽ ቁጥሩ ላይ፣ ሌላው የሥራ አስኪያጁ ፊት ላይ ነው። በዚያ ዓይን አሥር ጊዜ ቢታይም ያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ቫውቸሩን አውጪው። ቁጥሩን ከየት ነበር የገለበጥሽው? በእጅ ከተጻፈ ወረቀት ነው ወይስ በስልክ ተነግሮሽ? ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ካንቺ ቀጥሎ ማን ማን ፈረመበት? እነሱም እኮ ሳያዩት አልፈዋል። መልሱን በአንድ ገጽ ጻፊውና ለኃላፊሽ አሳያት። የመወዳደሪያው ቀን መቼ እንደሚያልፍ አልነገርሽኝም፤ ቫውቸሩን ሳታዪ ግን «አልወዳደርም» እንዳትያት።