የቤት ለቤት ጉብኝትና የሕፃናት አስተዳደግ፤ ከአራዳና ከፒያሳ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በድርቅ ወይም በሠፈራ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ከነበረበት ሲነሣ በቅድሚያ የሚመዘገቡት የሚያስፈልገው እህል፣ የሚያርፍበት ቤትና የሚጓዝበት ተሽከርካሪ ናቸው። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ከእነዚህ የማያንስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እናቱን በቤቷ እየጎበኘ የሚመክርና ዕድገቱን የሚከታተል ሠራተኛ ነው። ይህ ጽሑፍ በአራዳና በፒያሳ የሚታየውን የቤት ለቤት ጉብኝት መሠረት በማድረግ፣ ቤተሰብ ሲዛወር ጉብኝቱ እንዳይቋረጥ ሊደረግ የሚገባውን ያስረዳል።

1. የአካባቢው ሁኔታ

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ገበያ ምክንያት የጥንቷ አዲስ አበባ እምብርት ነበር። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ከተዛወረ በኋላም ከፒያሳ ሱቆች ጀርባ፣ እንደ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ባሉ ሰፈሮች፣ እጅግ የተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በአነስተኛ ኪራይ የሚተዳደሩ የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። በአንዱ ቤትም ከዋናው ተከራይ ሌላ ደባል የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንዲህ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች በጉሊት ንግድ፣ በልብስ አጠባና በእንጀራ ጋገራ ይተዳደራሉ። እናት ለሥራ ስትወጣ ሕፃኑ ከታላቅ እኅቱ ወይም ከጎረቤት ጋር ይውላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 15 በመቶ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። የከተማዋ አማካይ ዝቅ ያለ መሆኑ በአንድ ግድግዳ የሚለያዩትን የባለጸጋና የድኃ ቤተሰብ ልጆች ልዩነት አያሳይም።

2. የጉብኝቱ አሠራር

በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በከተሞች ተግባራዊ ሆኗል። ለከተማው የተመደቡት ነርሶች ሲሆኑ፣ በመጀመሪያው ዕቅድ አንዷ ባለሙያ 500 ያህል አባወራዎችን እንድትከታተል ታስቦ ነበር። በኋላም የከተማው አስተዳደር ከእርግዝና እስከ 6 ዓመት ያለውን ዕድሜ የሚሸፍን የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራም በመዘርጋት ወላጆችን በቤታቸው የሚያማክሩ ሠራተኞችን አሰማርቷል።

በአንድ ጉብኝት የሚከናወኑት ዋና ዋና ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ መጥባቱን፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ መጀመሩን ማረጋገጥ፤

ለ. ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ከሆነ የክንዱን ዙሪያ መለካት፤ ልኩ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፤

ሐ. የክትባት ካርዱን መመልከት፤

መ. እናት ከልጇ ጋር የምትነጋገርበትንና የምትጫወትበትን መንገድ ማሳየት፤ ለዚህም ቆርኪ፣ ባዶ ዕቃና ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል፤

ሠ. እናቲቱ ራስዋ የምትገኝበትን የጤንነትና የመንፈስ ሁኔታ መጠየቅ።

ጉሊት የምትውል እናት በቢሮ ሰዓት በቤቷ አትገኝም። ስለዚህ የጉብኝቱ ሰዓት የሚወሰነው በእናቲቱ የሥራ ሁኔታ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ ሰዓት መሆን የለበትም። በር ተዘግቶ የተገኘበት ቤትም «ተጎብኝቷል» ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

3. ውጤቱ ስለ መረጋገጡ

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ ሳሊ ግራንተም-ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር በሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ ጥናት አካሂደው ነበር። ከፊሎቹ ለ2 ዓመት ያህል በሳምንት 1 ሰዓት በጤና ሠራተኞች ተጎብኝተው እናቶቻቸው የማጫወትና የማነጋገር ዘዴ ተማሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት 25 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ውጤቱን ያስገኘው የጉብኝቱ ተከታታይነት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚተው ቤት ተመሳሳይ ፍሬ ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም።

4. ቤተሰብ ሲዛወር

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤት ርክክቡ በሰነድ ሲፈጸም የሕፃኑ ክትትል ግን ተረካቢ ሊያጣ ይችላል። የቀድሞዋ ባለሙያ ቤቱን ከመዝገቧ ትሰርዛለች፤ አዲሲቱ ደግሞ ቤተሰቡ መምጣቱን ገና አላወቀችም። እናቲቱም ደንበኞቿን፣ ሕፃኑን የሚጠብቁላትን ጎረቤቶችና ዕድሯን በአንድ ቀን ታጣለች። ደባል የነበረ ቤተሰብ ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ ስለማይገኝ ከዝርዝር የመዘለል አደጋው የባሰ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ሲሠፍር ብዙ ቤተሰቦች ተለያይተዋል። የከተማው ዝውውር በመጠንም ሆነ በአፈጻጸም ከዚያ የተለየ ቢሆንም፣ ሰውን የሚቆጥር መዝገብ የሕፃኑን ተንከባካቢዎች ካልቆጠረ ጉዳቱ ዘግይቶ እንደሚገለጥ ሁለቱም ያስተምራሉ።

5. ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፣ ከመነሻው ቀን አስቀድሞ ነፍሰ ጡሮችና ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ የደባል ልጆች ጭምር፣ ለብቻ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ የክትትል ማኅደሩ ግልባጭ ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ አንዱ ቅጂም በእናቲቱ እጅ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት አዲሲቱ ባለሙያ ትጎብኘው። አራተኛ፣ በሴፍቲኔት ድጋፍ የታቀፉ እናቶች ዝውውራቸው እስኪጠናቀቅ ክፍያቸው እንዳይቋረጥ ይደረግ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በየወረዳው ከተዛወሩት ቤተሰቦች ውስጥ ማኅደራቸው የተላለፈ ሕፃናት ስንት ናቸው?

2. ስማቸው በቤት ውል ላይ የሌለ እናቶችን የሚመዘግበው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው?

3. ሕፃኑ ከአንዱ ወረዳ ወጥቶ በሌላው እስኪመዘገብ ድረስ ኃላፊነቱ የማን ነው?