የመኪና አምፕሊፋየር ጌይን ምንድን ነው? እንዴትስ ይስተካከላል?

ከ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የቀረበ



ዘፈንና ሙዚቃ የሰውን ልብ ደስ ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በዘመናችን ድምፅን ማጉላት በጣም ቀላል ስለ ሆነ ግን፥ ብዙ ሰዎች የማጉያውን መሣሪያ ጠባይ ሳይመረምሩ ይገለገሉበታል። በከተማችን በአዲስ አበባ በብዙ ሚኒባስ ታክሲዎችና በቤት መኪናዎች ውስጥ ሳብውፈር የሚባለው፥ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ተገጥሞ እናያለን። ይህን ስፒከር የሚነዳው አምፕሊፋየር ነው። በአምፕሊፋየሩም ጎን በትንሽ ካቻቢቴ የምትዞር ጌይን የምትባል ቁልፍ አለች። ስለዚህች ቁልፍ ያለው አሳብ በአብዛኛው የተሳሳተ ስለ ሆነ፥ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ትምህርት እንዴት እንደሚያስረዳት ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማወቅ ይሻላልና።

ይህን ነገር እንዳጠና ያነሣሣኝ የአጎቴ ችግር ነው። አጎቴ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በሚኒባስ ታክሲ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሳብውፈር ተቃጠሉበት። ሁለተኛው የተገዛው ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከተቀመጠው ገንዘብ ተቀንሶ ስለ ነበር፥ በቤት ውስጥ ብዙ ቅያሜ ሆነ። የገጠመው ባለሙያ ጥፋቱን ሁሉ በስፒከሩ ላይ አደረገ፤ ዕቃው የማይረባ ነውና የበለጠ ትልቅ ይገዛ አለ። አጎቴ ግን ሦስተኛውን ከመግጠሙ በፊት «አንተ ፊዚክስ ትማር የለም እንዴ? እስኪ ምክንያቱን ፈልግልኝ» ስላለኝ፥ የመሣሪያዎቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጻፍኩ። ቁጥሮቹም እነዚህ ናቸው፦ ቴፑ የሚያወጣው ከፍተኛ ምልክት 2 ቮልት፥ አምፕሊፋየሩ በ4 ኦም ላይ የሚሰጠው ኃይል 400 ዋት፥ ስፒከሩ ያለማቋረጥ ሊሸከም የሚችለው ኃይል 300 ዋት፥ የስፒከሩ ተቃውሞ 4 ኦም። የጌይኑ ቁልፍ ከ6 ቮልት እስከ 0.2 ቮልት ተጽፎበታል፤ የተገኘውም እስከ መጨረሻው ድረስ ዞሮ 0.2 ላይ ቆሞ ነው።

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም

ብዙ ሰው ጌይንን እንደ ቮሊዩም ይቈጥራል። ቮሊዩም የአድማጩ ነው፤ በየጊዜው ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ጌይን ግን ቴፑንና አምፕሊፋየሩን የሚያስማማ መለኪያ ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተቀመጠ በኋላ አይነካም። በቁልፉ ዙሪያ የተጻፈው ቁጥር «ይህን ያህል ቮልት ሲገባልኝ ሙሉ ኃይሌን አወጣለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ማጉላቱ ይበዛል።

እንግዲህ የአጎቴን አምፕሊፋየር እንመልከት። 400 ዋትን በ4 ኦም ላይ ለማውጣት 40 ቮልት ያስፈልጋል። ቁልፉ 0.2 ላይ ስለ ቆመ፥ 0.2 ቮልት ገብቶ 40 ቮልት ይወጣል ማለት ነው፤ ይኸውም 200 ጊዜ ማጉላት ነው። ነገር ግን ቴፑ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። 2 በ200 ሲባዛ 400 ቮልት ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ይህን ከየት ያመጣዋል? ቴፑ ከሙሉ ምልክቱ አንድ ዐሥረኛውን ብቻ በሰጠ ጊዜ አምፕሊፋየሩ የችሎታው ጣራ ላይ ደርሶአል።

ከጣራው በላይ ሲገፋ ምን ይሆናል? ጣራው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ የሚዘል ሰው ራሱን እንደሚመታ፥ የድምፁም ሞገድ ጫፉ ይቈረጣል። ክብ የነበረው የሞገድ ራስ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ይህንንም ባለሙያዎች ክሊፒንግ ይሉታል። ጆሮ ይህን የሚያውቀው ድምፁ ሲሻክርና ሲንኰሻኰሽ ነው። ጉዳቱ ግን በጆሮ ብቻ አይወሰንም። በሂሳብ እንደሚታወቀው፥ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ክብ ሞገድና አራት ማዕዘን ሞገድ መካከል፥ አራት ማዕዘኑ ሁለት እጥፍ ኃይል ይሸከማል። ስለዚህ 400 ዋት ንጹሕ ድምፅ የሚሰጠው አምፕሊፋየር ሞገዱ ፈጽሞ ሲቈረጥ ወደ 800 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሊሰድድ ይችላል። 300 ዋት ብቻ የሚችለው ስፒከር በውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይግላል፤ የሽቦው ሽፋንና ማጣበቂያው ይቀልጣል፤ ሽታ ይወጣል፤ በመጨረሻም ሽቦው ይበጠሳል ወይም ከማግኔቱ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱ ስፒከሮች የተቃጠሉበት ምክንያት ይህ ነበር። ትልቅ ስፒከር መግዛትም መድኃኒቱ አልነበረም።

ትክክለኛውን ቮልት ስለ ማስላት

ጀርመናዊው ጌዮርግ ሲሞን ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ በቮልት፥ በአምፔርና በኦም መካከል ያለውን ግንኙነት ያስረዳል። ከዚህ ሕግ እንደምንረዳው፥ ዋትን በኦም ስናባዛ የቮልቱን ካሬ እናገኛለን። ለዚህ ሥራ የሚወሰደው ዋት ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ ያነሰው ነው። በእኛ ምሳሌ ያነሰው 300 ነው። 300 በ4 ሲባዛ 1200 ይሆናል። ከራሱ ጋር ሲባዛ 1200 የሚሰጠው ቁጥር 34.6 ገደማ ነው። እንግዲህ አምፕሊፋየሩ ከ34.6 ቮልት በላይ ማውጣት የለበትም ማለት ነው። በዚህ ስሌት ላይ የሚገባው የስፒከሩ ኦም በጀርባው የተጻፈው ነው እንጂ፥ በመልቲሜትር የሚነበበው አይደለም፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ትንሽ ያነሰ ያሳያልና።

የአስተካከሉ ተራ

ለሥራው የሚያስፈልጉት መልቲሜትር፥ ትንሽ ካቻቢቴና በፍላሽ የተቀዳ የ50 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ናቸው። ድምፁ በሙሉ ከፍታው የተቀዳ መሆን አለበት። 50 ኸርዝ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ሳብውፈር ከሚያሰማቸው ድምፆች መካከል ነው። ሁለተኛ፥ የቤታችን መብራት 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፥ ተራ መልቲሜትር ይህን በትክክል ይለካል።

1ኛ/ መኪናው ግልጥ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሞተሩም ይነሣ። ሞተር ሲሠራ የባትሪው መስመር ወደ 14 ቮልት ይደርሳል፤ ሲጠፋ ግን ከ13 በታች ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

2ኛ/ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ሳለ የሳብውፈሩ ሽቦዎች ይፈቱ። ጫፎቻቸው እርስ በርሳቸውም ሆነ ከመኪናው ብረት ጋር እንዳይነካኩ ይለያዩ።

3ኛ/ በቴፑ ላይ ያሉት የባስና የትሬብል ማስተካከያዎች ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሱ። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ባስ ቡስትም ይጥፋ። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ 80 ኸርዝ አካባቢ ይቀመጥ።

4ኛ/ ጌይኑ ወደ ዝቅተኛው ማጉላት፥ ይኸውም ወደ ትልቁ የቮልት ቁጥር ይዙር።

5ኛ/ የ50 ኸርዙ ድምፅ ይከፈት፤ የቴፑም ቮሊዩም ሦስት አራተኛ ላይ ይቀመጥ። መጨረሻው 40 ከሆነ 30 ላይ ማለት ነው። ቴፑ ራሱ ከዚያ በላይ ሲሄድ ሞገዱን ሊቈርጥ ይችላልና።

6ኛ/ መልቲሜትሩ ተለዋዋጭ ቮልት በሚለካበት ላይ ተደርጎ፥ ሁለቱ መርፌዎቹ በአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫዎች ላይ ይያዙ። ባዶ ሽቦ በእጅ መንካት አይገባም።

7ኛ/ ጌይኑ በዝግታ ይዙር፤ መልቲሜትሩ 34.6 ሲያሳይ ይቁም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና ጥድፊያ አያስፈልግም።

8ኛ/ ሁሉም ይጥፋ፤ ሳብውፈሩ ይገጠም፤ ከዚያ ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር። ድምፁ ከሻከረ ወይም ሽታ ከተሰማ ጌይኑ ይቀነስ። ከዚህ በኋላ የቴፑ ቮሊዩም ከተለካበት ቁጥር ማለፍ የለበትም።

ባስ ቡስትን ኋላ ማብራት ይህን ሥራ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። 6 ዴሲቤል መጨመር ቮልቱን ሁለት እጥፍ፥ ኃይሉን ደግሞ አራት እጥፍ ያደርጋልና፥ 300 ዋት የነበረው 1200 ይጠየቃል ማለት ነው።

በካርቶን ላይ ስለሚጻፍ ቁጥር

ይህ ዘዴ የሚሠራው የምናስገባው ዋት እውነተኛ ሲሆን ነው። መልቲሜትር ቮልትን ይቈጥራል እንጂ የሞገዱን መልክ አያይም። መልኩን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በገበያ ግን በካርቶኑ ላይ 2000 ዋት ተጽፎበት 30 አምፔር ፊዩዝ ብቻ ያለው አምፕሊፋየር ይገኛል። 30 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 420 ዋት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ይህን ያህል ከሆነ፥ ከፊሉም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፥ ሳያቋርጥ 2000 ዋት ሊያወጣ ከቶ አይችልም። ከመኪናው የሚወሰደው ኃይል አንድ አምስተኛው በሙቀት የሚባክን ቢሆን የሚወጣው 336 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆችም ሆኑ ጓደኞቼ ዕቃ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ፊዩዙን ተመልከቱ። ዋቱም አርኤምኤስ የሚል የተጻፈበት መሆኑን ጠይቁ።

ትርፉና ኪሳራው

ምናልባት «ጌይኑ ሲቀነስ ድምፁ ያንሳል» የሚል ይኖር ይሆናል። አጎቴም መጀመሪያ እንዲህ ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፤ ያንሳል። ነገር ግን ምን ያህል? ኃይል ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በጆሮ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ኃይሉ ዐሥር ጊዜ ያህል መብዛት አለበት። ስለዚህ ከ300 ወደ 600 ዋት የሚገፋ ሰው ለጥቂት ድምፅ ሲል ስፒከሩን ያቃጥላል። የአጎቴ ሦስተኛው ሳብውፈር በዚህ ዘዴ ከተስተካከለ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬም ደኅና ይሠራል። ተሳፋሪዎችም የዘፈኑን ግጥም ለይተው መስማት ጀምረዋል።

ከስፒከር የሚበልጥ ሌላ ንብረትም አለ፤ እርሱም ጆሮአችን ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሥራ ቦታ እንዳይታለፍ የሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ተሳፋሪ ወርዶ ይሄዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ከጧት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። የተቃጠለ ስፒከር በገንዘብ ይተካል፤ በጆሮ ውስጥ የሞቱት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት ግን ተመልሰው አይበቅሉም።

በመጨረሻም የምለው ይህ ነው። ጌይን የኃይል ምንጭ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ የሌለውን አይፈጥርም፤ ልኩን የምታስጠብቅ ቁልፍ ናት። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው የኦም ሕግ ለፈተና ብቻ የተሰጠን አይምሰለን። በአንድ መልቲሜትርና በአንድ የማባዛት ስሌት የአንድ ቤተሰብን ገንዘብ ከከንቱ ወጪ ማዳን ይቻላል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በየቤታችሁ ያለውን መሣሪያ ቁጥሮቹን አንብቡ፤ አስሉ፤ ለክታችሁም አረጋግጡ።