«ለምን» የሚለውን ጽፈሽ አቆዪ

ልጄ፣ ከእስራኤሏ ቂርያት ማላኪ ወጥተሽ ሶፍትዌር ከሚሠራ ቡድን ጋር በመቀላቀልሽ ደስ ብሎኛል። በሙያው የቆየሁ ነኝና ልምከርሽ። ኮድ ምን እንደተሠራ ያሳያል፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ግን አይናገርም። ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮት የሚሄደው ይህ «ለምን» ነው።

1. ምክንያቱን ሳታውቂ የሰው ኮድ አትለውጪ። የራሳችንን ፊደል ተመልከቺ። በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቦታ ተመደበለት፤ ሰባቱ ለቤቶቹ፣ ስምንተኛው ለእነ ሏ። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ነው። ቁጥሩን ለ8 ስታካፍዪ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ ነው። ይህን ያላወቀ ወጣት ቤቱን በዚህ መንገድ በሚለይ ኮድ ውስጥ 8ን ሲያይ «ፊደሉ ሰባት ቤት ነው» ብሎ ወደ 7 ቢያርመው ሥራው ሁሉ ይፋለሳል። አንዲት መስመር ማስታወሻ ይህን ታስቀራለች።

2. ውሳኔውን በተወሰነበት ቀን ጻፊ። የሶፍትዌር ባለሙያው ማይክል ናይጋርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አጭር አጻጻፍ ይበቃሻል፦ ሁኔታው፣ ውሳኔው፣ የሚያስከትለው። ከሁለት ገጽ አይለፍ።

3. የተተወውንም አማራጭ መዝግቢ። ካልተመዘገበ አዲስ የመጣ ሰው ያንኑ ሐሳብ ያነሣል፤ ያለቀው ክርክር እንደገና ይጀመራል።

4. ማስታወሻውን ከኮዱ ጋር ጊት ውስጥ አኑሪው። ውሳኔው ሲለወጥ የቀድሞውን አታጥፊ፤ በየትኛው እንደተተካ ጻፊበት።

5. ለሚደጋገም መፍትሔ ስም አውጪለት። የሶፍትዌር ባለሙያው ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ለ23 የንድፍ ስልቶች ከነስማቸው ችግሩን፣ መፍትሔውንና የሚያስከፍለውን ጻፉ። ችግርሽ ያ ካልሆነ ግን ስልቱን አትውሰጂ።

6. ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ናውር በ1985 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው የፕሮግራም እውቀት በዋናነት የሚኖረው በሠሪዎቹ አእምሮ ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶቻችንም የግዕዙን ጸሎት ለተማሪዎቻቸው ያወረሱት አብረው ተቀምጠው ነው። ከአንጋፋው ጎን ተቀመጪ፣ ጠይቂ፤ መልሱን ሳትጽፊ ግን አትነሺ።

7. አዲስ ሰው ሲጠይቅሽ አትሰልቺ። የሚጠይቅሽ ሳይጻፍ የቀረውን ነውና መልሱን በጽሑፍ ስጪው። ከቂርያት ማላኪም ከገደራም ከአንቺ በኋላ ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ልጆች አሉ። ሥራውን ከዜሮ እንዳይጀምሩት መዝገቡን ከዛሬው ውሳኔሽ ጀምሪ።