የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያ ምን ይመሰክራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። በዲጂታል የተቀመጡ የድሮ ጋዜጦች የተራውን ሰው ኑሮና መዝናኛ ያሳያሉ? የመንግሥት ልሳን አልነበሩም?

መልስ፦ ብዙዎቹ ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመንም የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ሆኖም ሳንሱር ዜናውን ቢቃኘውም፣ የሲኒማና የቴአትር ማስታወቂያ ተመልካች የሚጠራው ቀኑን፣ ቦታውንና ዋጋውን በትክክል ሲናገር ነው። ስለዚህ ከርዕሰ አንቀጹ ይልቅ ከማስታወቂያው ይጀምሩ። «ማስታወቂያ የነጋዴ ድምፅ ነው» ቢባል እውነት ነው፤ ማን እንደተጋበዘ እንጂ ማን እንደመጣ አይነግርም። ያንን ክፍተት የሰፈር አዛውንቶች ቃል ይሞላዋል። ስለ ሰፈርዎ ሲፈልጉም ክፍለ ከተማው የተዋቀረው በ1990ዎቹ መሆኑን አይርሱ፤ ለቀደመው ዘመን «ሳሪስ»፣ «ቄራ»፣ «መካኒሳ» በሚሉት ስሞች ይፈልጉ። ተራው ሕዝብ ታሪኩን ያላጣው በእነዚህ የማስታወቂያ ትንንሽ መስመሮች ነውና በትዕግሥት ያንብቧቸው።